ሰባት መኪና ወደ ሞንቬርኝ

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 5

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለማኅበሩ ብዬ ነው። የብሩንሆልትና የሞንቬርኝ እህትማማች ከተሞች ማኅበር ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ። ዘንድሮ እህትማማችነቱ አርባ ዓመት ይሞላዋል። እስከ ዛሬ በአውቶቡስ ነበር የምንሄደው፤ አሁን ግን በየራሳችን መኪና ተሰልፈን፣ ከሰሜን ጀርመን እስከ ደቡብ ፈረንሳይ ነድተን፣ ለዕርገት በዓል ሞንቬርኝ እንገባለን። እንዲህ ያለ ጉዞ ቃለ ጉባኤ ውስጥ የማይገባ ብዙ ነገር አለው። እሱን እዚህ እጽፋለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ዛሬ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኦዲል ደወለች። ለመዝገብ ያህል፦ ኦዲል የሞንቬርኝ ሰው ናት፤ ጀርመንኛ አስተማሪ ነበረች፤ ለማኅበሩ ጉብኝት ስትመጣ ሦስት ጊዜ እኔ ቤት አርፋለች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የኔዋ ሂልትሩድ ከሞተች ስድስት። እሑድ እሑድ የምትደውለው እሷ ናት። ልማዱ እንዲያ ስለሆነ እኔ አልደውልም።

ልጇ ባስትየን ሬዩንዮን ደሴት ላይ፣ እዚያ ሕንድ ውቅያኖስ መሀል፣ ቤት ሠርቶ አንድ ክፍል አዘጋጅቶላታል። ጠቅልለሽ ነይ ይላታል። «እስከ ቅዱስ ዮሐንስ በዓል ቁርጡን ንገሪኝ ብሎኛል» አለች። እስከ ጁን 24 ማለት ነው። ከዚያ፦ «ቮልክማር፣ አንተ ምን ትላለህ?»

«በደንብ ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ነው» አልኳት።

«እሺ። ለዕርገት ስትመጣ በአፍህ ትነግረኛለህ» አለችና ስለ ጎረቤቷ ፍየሎች አወራችኝ።

ተገቢውን መልስ የሰጠሁ ይመስለኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 9

ስብሰባ፤ «ወርቃማው ዝይ» ምግብ ቤት፣ የጓሮው ክፍል። ሊቀመንበራችን ሮስቪታ ክናፕ ጡረታ የወጣች ፋርማሲስት ናት፤ ሰው ሲያወራባት ሰዓቷን ታያለች። «ሰባት መኪና፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው፣ ሜይ 16 ማክሰኞ ጠዋት መነሻ። የተስማማ እጁን ያውጣ» አለች። ሁሉም አወጣ። አራት ደቂቃ! በአሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ያለ ጥድፊያ አይቼ አላውቅም።

«አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ላንሳ» አልኩ።

ገበያው አደባባይ ላይ የቆመው የርቀት አመልካች «ሞንቬርኝ 1,240 ኪሎ ሜትር» ይላል። ሠላሳ ሰባት ዓመት የመሬት ቀያሽ ሆኜ ኖሬአለሁ፤ ቁጥሩ ስህተት ነው። በኔ ስሌት 1,287 ነው። በስጦታ ይዘን የምንሄደው ደግሞ የዚሁ አመልካች መንትያ ነው። የአርባ ዓመት ውሸት ጭነን ድንበር ልንሻገር ነው?

ኤገን ብስጭት አለ። ኤገን መኪና መንዳት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ የከተማው ግማሽ በሱ ተሰድቦ ነው መንጃ ፈቃድ ያወጣው። «ከየት ተነስቶ ነው 1,287?»

«ከማዘጋጃ ቤቱ በር።»

«እኔ የምነሳው ከቤቴ ነው!»

አንዱ ከወደ ኋላ «በወፍ በረራ ቢለካስ?» አለ።

«ወፏ ሉክሰምበርግ ላይ ነዳጅ ትቀዳለች?» አለ ኤገን።

ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ ተወሰነ፦ መንገዱ ሳይጸድቅ ርቀቱ አይታወቅም፤ ርቀቱ ሳይታወቅ መንገዱ አይጸድቅም። አጣሪ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። አባል፦ እኔ።

ሮስቪታ ኮቷን እየለበሰች «ቮልክማር፣ ያንን አመልካች እኮ ከእርግብ በቀር የሚያየው የለም» አለችኝ። ይህች ሴት ለዝርዝር ነገር ደንታ የላትም። እንዴት መድኃኒት ስትሰጥ እንደኖረች እግዜር ይወቅ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 12

ለኦዲል የአመልካቹን ነገር ነገርኳት። ሳቀች፤ ትን እስኪላት ሳቀች። «እኔ ጋ ለመድረስ ቁጥሩ የግድ ያስፈልግሃል?»

«ለአመልካቹ ነው» አልኳት።

ሳቋ ጥሩ ነው። ይህም ለመዝገብ።

ሐሙስ፣ ማርች 2

የመንገድ ድምፅ አሰጣጥ። በቤልጂግ ወይስ በሉክሰምበርግ? የቤልጂግ ደጋፊዎች አጭር ነው ይላሉ። የሉክሰምበርግ ደጋፊዎች የቤልጂግ አስፋልት ጥርስ ያረግፋል ይላሉ። የኤገን ሚስት ለሉክሰምበርግ እጇን ስታወጣ ኤገን ለቤልጂግ አወጣ፤ በአንድ መኪና ነው የሚሄዱት።

ስድስት ለስድስት። አሥራ ሦስተኛው ድምፅ የኔ ነበር። ጸሐፊ ገለልተኛ መሆን ስላለበት ድምፀ ተአቅቦ አደረግሁ።

«ቮልክማር፣ አንዱን ምረጥና እንገላገል!» አለች ሮስቪታ።

«አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ላንሳ» አልኩ። «በስዊዘርላንድ ያለው አማራጭ አልተጠናም።»

ለሁለት ሳምንት ተላለፈ። ይህ ኮሚቴ እንደሆነ አንድ ነገር በጊዜው ጨርሶ አያውቅም።

እሑድ፣ ማርች 19

ኦዲል መጻሕፍቷን ለትምህርት ቤቱ እየሰጠች ነው። «ለምን?» ብላት «አቧራቸው በዛ» አለች። ቤቷንም አንድ ሰው መጥቶ አይቶላታል። «ዝም ብሎ ነው፤ ማየት አይከለከል» አለች።

ከዚያ «ለዕርገት፣ ሜይ 18 ላይ ምን ዓይነት ቀሚስ ልልበስ?» አለችኝ። አየሩን እስኪያውቁ መወሰን እንደማይቻል ነገርኳት። በኋላ ሳስበው ሰማያዊውን ማለት እችል ነበር። ሰማያዊው ያምርባታል።

ሐሙስ፣ ማርች 23

በጥድፊያ። ስብሰባ። ጸደቀ፦ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ለሰው አንድ አንድ። በሦስት ማዕዘን የማስጠንቀቂያ ምልክት ላይ ክርክር፤ ሁለት ይሁን ወይስ አንድ። የተቀቀለ እንቁላል በየመኪናው ወይስ በማዕከል? ንዑስ ኮሚቴ። ኤገን «እንቁላሉም ይመዘገባል?» አለ። እንደ ቀልድ ነው የተናገረው። መዘገብኩት።

ስዊዘርላንድ ውድቅ። ሉክሰምበርግ በስምንት ድምፅ አለፈ። አንድ ትንሽ ነገር ብቻ አነሳሁ፦ ሰባት መኪና ልምምድ ሳያደርግ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ አብሮ መሄድ ኃላፊነት የጎደለው ነው። ኤገን ለመጀመሪያ ጊዜ ደገፈኝ። የልምምድ ጉዞ ኤፕሪል 1።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 1

ዛሬ የሆነውን በዝርዝር መጻፍ አለብኝ፤ ወሬው ከኔ ቀድሞ ከተማው ውስጥ ገብቷልና።

ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ሰባቱም መኪና፣ ገበያው አደባባይ። እኔ መሪ። ዕቅዱ ስድሳ ኪሎ ሜትር ሄዶ መመለስ ነበር። እስከ መጀመሪያው ክብ አደባባይ ሁሉም ሰላም፤ አራት ኪሎ ሜትር ያህል። እዚያ ስደርስ መውጫው ሁለተኛው ይሁን ሦስተኛው ተጠራጠርኩ። ካርታው ሁለተኛው ይላል፤ ካርታው ግን የታተመው መንገዱ ከመታደሱ በፊት ነው። ተጠራጣሪ ሰው ደግሞ ከመሳሳት ይልቅ አንድ ጊዜ ይዞራል። ዞርኩ። ስድስቱም ተከትለውኝ ዞሩ። ልወጣ ስል ከኋላዬ ያለው ኤገን ጡሩምባ ነፋ፤ ውጣ ማለቱ ይሁን አትውጣ አልገባኝም። እንደገና ዞርኩ። ያኔ ሰባተኛው መኪና ከአንደኛው ኋላ ደረሰና ክቡ ሞላ። ከአራቱም አቅጣጫ የሚመጣ ሰው መግቢያ አጣ። እኛም ዞርን። ስንት ጊዜ እንደዞርን ኤገን አሥራ አንድ ይላል፤ በኔ ቁጥር ዘጠኝ ነው።

አንድ ገበሬ ትራክተሩን አቁሞ ወረደና ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ከዚያ በኔ መስኮት በኩል ጮኸ፦ «ሠርግ ነው ወይስ ቀብር?»

«ልምምድ ነው!» አልኩት።

«ታዲያ ሙሽራዋ የታለች?»

ጥያቄው ከቦታውና ከጊዜው ጋር የማይሄድ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቤቴ ገብቼም ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 13

የልምምዱን ሪፖርት አቀረብኩ። አሥራ አንድ ገጽ፣ ከሥዕል ጋር። ማጠቃለያው፦ ሰልፉ ዝግጁ ስላልሆነ ጉዞው ወደ ሴፕቴምበር ቢተላለፍ።

ሮስቪታ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ሴፕቴምበር?»

«ሪፖርቱ የሚለው እንዲያ ነው።»

«ሪፖርቱን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ። ግን በገለልተኝነት ነው የጻፍኩት።»

መነጽሯን መልሳ አደረገች። ኤገን እንኳ ጠረጴዛውን ነው ያየው። ድምፅ ሲሰጥ አንድ በአንድ እጃቸውን አወጡ፤ ቀስ ብለው፣ ልክ በሽተኛ እንዳይነቃ እንደሚጠነቀቅ ሰው። አልፏል። ይህ ኮሚቴ ወኔ የለውም። አንድ እንኳ «አይሆንም!» የሚል ይጠፋል?

እሑድ፣ ኤፕሪል 16

ኦዲል ደወለች። ጽጌረዳዎቿን ልገርዛቸው ወይስ ልተዋቸው እያለች ነበር። መተላለፉን አልነገርኳትም። አሥራ አራት አስተናጋጅ ቤተሰብ አለ፤ ለአንዱ ቀድሞ መንገር አድልዎ ነው። ደብዳቤው ለሁሉም እኩል ቀን መድረስ አለበት።

«ድምፅህ ደክሟል» አለችኝ።

«የስብሰባ ብዛት ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 18

ደብዳቤዎቹን ላክሁ። ግልባጩን እዚህ አያይዣለሁ፦ «ለተከበራችሁ የአስተናጋጅ ቤተሰብ። በቴክኒክ ምክንያት የዘንድሮው ጉዞ ወደ ሴፕቴምበር መተላለፉን በትሕትና እናሳውቃለን። ለሚደርስባችሁ መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። ከሰላምታ ጋር፣ ቮልክማር ሄስ፣ ጸሐፊ።»

የኦዲል ላይ ስደርስ ከፊርማዬ ሥር በእጄ አንድ መስመር ልጨምር ብዬ ብዕር አነሳሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ይዤው ተቀመጥኩ። ከዚያ አንዱ ደብዳቤ ከሌሎቹ አሥራ ሦስቱ ቢለይ ፋይሉ እንደሚበላሽ ታየኝ። ማኅተም መትቼ አሸግሁት።

እሑድ፣ ኤፕሪል 23

አሥራ አንድ ሰዓት። ስልኩ አልጮኸም። እዚያ ማዕበል ይኖራል።

እሑድ፣ ኤፕሪል 30

አልጮኸም። ስልክ ድርጅቱ ጋ አመለከትኩ። አንዲት ልጅ ፈትሻ «አባት፣ መስመርዎ ደህና ነው፤ ራስዎ ደውለው ይሞክሩት» አለችኝ። ልማዱ ምን እንደሆነ ለማታውቅ ልጅ ምን ብዬ ላስረዳት?

እሑድ፣ ሜይ 7

አልጮኸም። ፈረንሳዮች ሥራ ማቆም ይወዳሉ። የስልክ ሠራተኞቹ ይሆናሉ።

ረቡዕ፣ ሜይ 10

ለኦዲል የግል ደብዳቤ ጀመርኩ። «ውድ ኦዲል፣ ባነሳሽው ጉዳይ ላይ በደንብ አሰብኩበት» ብዬ ገባሁ። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ስለ አየሩ ጻፍኩ። ሦስተኛው ላይ ስለ ሉክሰምበርግ። አራተኛው ላይ መጻፍ የፈለግሁት ነበር፤ ግን ወረቀቱ አለቀ። በሌላ ወረቀት እንደገና ገለበጥኩት። እንደገና አየሩ ጋ ስደርስ በዝርዝር ሄድኩበት።

አራት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። መሳቢያ ውስጥ ነው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 16

መነሻችን የነበረው ቀን። ገና ሳይነጋ ነቃሁ። መኪናው ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ባትሪውን ለመፈተሽ ብቻ።

ኤገን ውሻውን ይዞ ሲያልፍ መስኮቱን አንኳኳ። «ወዴት ነው?»

«የትም። ባትሪ እየፈተሽኩ ነው።»

«ቀበቶ አስረህ?»

«ደንብ ነው» አልኩት።

አልሳቀብኝም። ኤገን በሰው ለመሳቅ ሰበብ የማይፈልግ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ሜይ 21

አልጮኸም። በሷ ፈንታ ልጄ ቪብከ ከሃምቡርግ ደወለች። ቀፎውን እንዴት እንዳነሳሁት እንጃ፣ «አባዬ፣ ምነው? ተሯሩጠህ ነው?» አለችኝ።

ነገርኳት። ሁሉንም አይደለም፤ የስልኩን ብቻ።

«አንተ ለምን አትደውልላትም?»

«ልማዱ እሷ ናት የምትደውለው።»

«ልማዱን ማን አወጣው?»

አሰብኩ። እኔ ነኝ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ሥራ ላይ ብትሆኚ እንዳልረብሽሽ አንቺ ደውዪ ብያት ነበር። ጡረተኛ ናት።

«አባዬ፣ አለህ?»

አለሁ አልኳት። የስድሳ ዘጠኝ ዓመት ሽማግሌ ነኝ፤ እንደ ጎረምሳ በልጁ የሚመከር። አያሳፍርም? ያሳፍራል። ግን አልደወልኩም። አምስት ሳምንት ዝም ላለች ሴት ተነስቶ ሲደወል ምን ይባላል? «ደህና ዋልሽ»?

ሐሙስ፣ ጁን 15

የዓመቱ አጋማሽ ጠቅላላ ጉባኤ። በደንባችን መሠረት ጸሐፊው ከጃንዩዋሪ ጀምሮ ያለውን ቃለ ጉባኤ በሙሉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለአባላቱ ያነባል። አሥራ ስምንት ዓመት አንብቤአለሁ፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሰዉ ሲያንቀላፋ አይቻለሁ።

ቆሜ ጀመርኩ። «የአመልካቹ ርቀት እንዲጣራ፤ አቅራቢ፣ ቮልክማር ሄስ። የስዊዘርላንድ አማራጭ እንዲጠና፤ አቅራቢ፣ ቮልክማር ሄስ። የእንቁላል ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም፤ አቅራቢ፣ ቮልክማር ሄስ።» ከወደ ኋላ አንድ ሰው ፍርፍር ብሎ ሳቀ። «የልምምድ ጉዞ እንዲደረግ፤ አቅራቢ፣ ቮልክማር ሄስ።» አሁን ብዙ ሰው ሳቀ። ዘንድሮ የተኛ አልነበረም። «ጉዞው ወደ ሴፕቴምበር እንዲተላለፍ፤ አቅራቢ...»

ስሜን መጥራት አቃተኝ። ጽሑፉ የኔ ነው፤ እጄ ነው የጻፈው፤ ግን እንዲህ ተከታትሎ ሰምቼው አላውቅም። ሳቁ ቆመ። ሮስቪታ «ይበቃል፤ እንደተነበበ ይቆጠር» አለች።

ሰው ሲበተን አጠገቤ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ቮልክማር፣ ሻንጣዬ ከማርች ጀምሮ ኮሪደር ላይ ነው።»

«አላውቅም ነበር።»

«የኤገን ሚስት ሰደርያዎቹን ሁሉ ተኩሳ አስቀምጣለች። ሰደርያ ይተኮሳል? እሷ ተኮሰች። መንገዱን እኮ እናውቀዋለን፤ ሃያ ጊዜ ሄደንበታል። አንተ ባነሳህ ቁጥር እጃችንን ያወጣነው ለምን ይመስልሃል?»

«ተስማምታችሁ።»

«አዝነንልህ ነው እንጂ! ሰውዬው ፈርቷል፤ ትንሽ ጊዜ እንስጠው ተባባልን። አሁን ግን ጊዜው ራሱ አለቀ። ቅዱስ ዮሐንስ መቼ ነው?»

ታውቃለች። ሁሉም ያውቃሉ። ለካ ከተማው በሙሉ ስለኔ ቃለ ጉባኤ ሲይዝ ከርሟል።

ቤቴ እንደገባሁ ደወልኩ። እኔ ራሴ። መስመሩ ደህና ነው። ጮኸ፣ ጮኸ፣ የሚያነሳ ጠፋ። 

እሑድ፣ ጁን 18

ዓርብም፣ ቅዳሜም፣ ዛሬ በአሥራ አንድ ሰዓትም ደወልኩ። የሚያነሳ የለም።

ሰኞ፣ ጁን 19

ከመንገድ ዳር፣ ፈረንሳይ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ብቻዬን ተነሳሁ። እንቁላል የለ፣ ሰልፍ የለ። ዝናቡ ዶፍ ነበር፣ ከፊቴ የሚሄደውን የጭነት መኪና ተከትዬ ነዳሁ። በቤልጂግ ይሁን በሉክሰምበርግ እንዳለፍኩ አላውቅም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ቀያሽ!

ደስ ብሎኛል። የምላትን መኪናው ውስጥ ጮክ ብዬ ስለማመድ ነበር የመጣሁት። አንድ ሴትዮ ከጎኔ መኪና ውስጥ ሆና አይታኝ ፈገግ አለች። ከቅዱስ ዮሐንስ አራት ቀን ቀድሜ ነው የምደርሰው።

ማክሰኞ፣ ጁን 20

ደረስኩ። በሩ ክፍት ነበር፤ ኮሪደሩ እስከ ጣሪያ በካርቶን ተሞልቷል። ኦዲል ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ የማሸጊያ ፕላስተር በጥርሷ ይዛ ወጣች። አየችኝና ፕላስተሩን ከአፏ አወጣች።

«ሴፕቴምበር ደረሰ እንዴ?»

ስልኩን ነቅላ ካሸገች አሥር ቀኗ ነው። ቤቱ ተሸጧል። አውሮፕላኗ ሐሙስ ነው።

«እስከ ቅዱስ ዮሐንስ ብለሽኝ አልነበር?» አልኳት።

ከመስኮቱ ጠርዝ ላይ አንድ ወረቀት አንስታ ሰጠችኝ። የማኅበሩ ደብዳቤ። «‹ለተከበራችሁ የአስተናጋጅ ቤተሰብ› ይላል። ቤተሰብ! ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ታውቃለህ። ሁለት ጊዜ አገላብጬ አየሁት፤ ከኋላው ምናልባት አንድ ነገር ጽፈህ እንደሆነ ብዬ። ከዚያ ለባስትየን ደወልኩለት።»

«እሱ እኮ የማኅበሩ ደብዳቤ ነው።»

«ፊርማው የማን ነው?»

ከዚያ ቆሜ፣ ኮፍያዬን እንኳ ሳላወልቅ፣ «አትሂጂ» አልኳት። አልኩት! ወጣ!

ካርቶን ላይ ተቀመጠች። «ለምን?»

መንገዱን ሁሉ ስለማመድ የመጣሁት መልስ ነበር። «እዚያ አውሎ ነፋስ አለ» አልኳት።

«እሺ። ሌላስ?»

«ሆስፒታሉ ምን ያህል እንደሚርቅ አጣርተሻል?»

«ሌላስ፣ ቮልክማር?»

«እሳተ ገሞራም አለ። የሚሠራ።»

ጠበቀች። ሴት ልጅ እንዲያ ስትጠብቅ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈችና «በል ሳጥኑን ያዝልኝ፤ ከባድ ነው» አለች። ያዝኩላት። ሲመሽ ካርቶኖቹን ሁሉ ቁጥር ሰጥቻቸው ነበር፤ ሠላሳ አንድ ናቸው።

ሐሙስ፣ ጁን 22

ቦርዶ፣ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የመኪና ማቆሚያ። አሁን ሄደች።

ትናንት ማታ «ነገ የሚያደርሰኝ ሰው የለም፤ ታደርሰኛለህ?» አለችኝ። አደርስሻለሁ አልኳት። ሰማያዊውን ቀሚስ ለብሳ ነው የወጣችው። ማማሩን ልነግራት ነበር፤ መገናኛው ላይ መኪና በዝቶ ነበርና ዓይኔን ከመንገድ አላነሳሁም።

ከቦርዶ በፊት አውራ ጎዳናው ለሁለት ይከፈላል። ትልቅ ሰማያዊ ምልክት አለ፤ በግራ አውሮፕላን ማረፊያ፣ በቀኝ የባሕሩ ዳርቻ። ኦዲል ምልክቱን አየች። እጇን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ፣ ወደ ውጭ እያየች፣ ረጋ ብላ «በቀኝ ብንሄድ ባሕሩ ጋ እንወጣለን» አለችኝ።

«የኛ የግራው ነው» አልኳት። ፍሬቻ አሳይቼ በግራ ታጠፍኩ።

ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቀድመን ደረስን። ተቀምጠን ጠበቅን። ስትለየኝ ሁለቱንም ጉንጬን ሳመችኝና «ጥሩ ሹፌር ነህ፣ ቮልክማር» አለች።

እወዳታለሁ። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ አይደለም፤ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ሰው መንገድ ይስታል፤ በየቀኑ ስንቱ ይስታል። ሽማግሌ ነው፣ ሰው አገር ነው፣ ፈረንሳይኛውን አያነብም ይሉልኝ ነበር፤ ማንም አይፈርድብኝም ነበር። አንዴ እጄን ወደ ቀኝ ማዞር ነበር የሚጠበቅብኝ።

አልሳትኩም። ከደጇ እስከዚህ ድረስ አንድም መታጠፊያ አልሳትኩም።